«ናሳ ዛሬ ሌሊት 8.5 ይመታል ብሏል»፦ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ማንን ስለ ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ «ጅዳ ነው የምሠራው። እናቴና ሁለት ወንድሞቼ መተሃራ ናቸው። በ2017 ታኅሣሥ ላይ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እስካሁንም ትንሽ ንዝረት በተሰማ ቁጥር ስልኬ በድምፅ መልእክት ይሞላል። አንዱ ‹ናሳ ዛሬ ሌሊት 8.5 ይመታል ብሏል፣ ቤተሰቦቻችሁን አስወጡ› ይላል። ሌላው ‹የከሰም ግድብ ተሰንጥቋል› ይላል። ስለ አንድ መንቀጥቀጥ አንዱ 5.5፣ ሌላው 5.8 ብሎ ይጽፋል። ማነው የሚዋሸው? መንግሥት ይደብቃል የሚሉም አሉ። ሁለት ጊዜ ሌሊት ደውዬ እናቴን ከቤት አስወጥቻታለሁ። እውነቱን ከየት ላግኝ? አደጋ ቢደርስስ ቤተሰቤ የት እንዳለ፣ እርዳታው ለማን እንደሚደርስ በምን አውቃለሁ?»

ምላሽ፦ ከናሳው እንጀምር። ውሸት ነው። ናሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ትንበያ አያወጣም፣ ሥራውም አይደለም። ናሳ ብቻ ሳይሆን ማንም አያወጣም። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀን፣ ቦታና መጠን አስቀድሞ መናገር የሚችል ተቋም በዓለም ላይ የለም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ ማለትም ዩኤስጂኤስ፣ እኛም ሆንን ሌላ ሳይንቲስት አንድም ትልቅ መንቀጥቀጥ አስቀድመን ተንብየን አናውቅም ብሎ በግልጽ ያስረዳል። ጃፓንና ሜክሲኮ የማስጠንቀቂያ ደወል አላቸው፣ እውነት ነው። ያ ደወል ግን የሚጮኸው መንቀጥቀጡ ከጀመረ በኋላ ነው። ሞገዱ ከተማው እስኪደርስ ያለችውን ጥቂት ሰከንድ ነው የሚጠቀመው። «ዛሬ ሌሊት» የሚል ትንበያ ማንም ቢናገረው፣ በምንም ቋንቋ ቢመጣ፣ ሳይከፍቱት ያጥፉት።

«ግን እኮ ያሉት ደረሰ» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። ይህን በደንብ እንየው፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱ በተናወጠባቸው ሳምንታት በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ መንቀጥቀጦች ይመዘገቡ ነበር። በዚያ ሰሞን «ዛሬ ሌሊት መሬቱ ይንቀጠቀጣል» ያለ ሰው ሁሉ ትክክል ይሆን ነበር። ክረምት መሀል ላይ ሆኖ «ነገ ይዘንባል» እንደማለት ነው።

አሁን ደግሞ 8.5 የሚለውን ቁጥር እንመልከተው። ቁጥሩ ራሱ ወሬውን ያጋልጠዋል። ስምንትና ከዚያ በላይ የሆኑት መንቀጥቀጦች በአብዛኛው የሚነሡት አንዱ የመሬት ቅርፊት ከሌላው ሥር በሚገባባቸው ግዙፍ ድንበሮች ላይ ነው። የቺሊው የ1960 እ.ኤ.አ.፣ የሱማትራው የ2004 እ.ኤ.አ. እና የጃፓኑ የ2011 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ጉልበት ለማውጣት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስንጥቅ በአንድ ጊዜ መንሸራተት አለበት። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሌላ ነው። ቅርፊቱ ቀጭንና ትኩስ ነው፣ ስንጥቆቹም አጫጭር ናቸው። ባለፉት 120 ዓመታት ገደማ በኢትዮጵያ ትልልቅ ከሚባሉት መካከል በ1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያስደነገጠው ይገኝበታል። በ1953 በካራ ቆሬ የተነሣውና ማጀቴን የጎዳው ሌላው ነው። ሁለቱም 6 ተኩል ዙሪያ ነበሩ። በመጋቢት 1961 አፋር ውስጥ ሰርዶን ያፈረሰውና ሰው የገደለው ከ6 ትንሽ ከፍ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ በተቃራኒው እንዳይሳሳቱ እፈልጋለሁ። «8.5 አይመጣም» ማለት «አደጋ የለም» ማለት አይደለም። ልኬቱ አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚወጣው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ግንቡ ደካማ በሆነ ቤት ውስጥ ለተኛ ሰው 6 በቂ አደጋ ነው። እናትዎ ያሉበት ቦታ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ነው። ስጋትዎ መሠረት አለው። ችግሩ ስጋትዎን የሚመግብልዎ ምንጭ ላይ ነው።

5.5 እና 5.8 ያሉት ሁለቱም አልዋሹም። የታኅሣሥ 26 ቀን 2017ቱን መንቀጥቀጥ አንዳንዱ ተቋም 5.5፣ ሌላው 5.7 ወይም 5.8 አለው። እያንዳንዱ ተቋም የራሱ ጣቢያዎችና የራሱ ስሌት አለው። የመጀመሪያው ቁጥር ኮምፒውተር በደቂቃዎች ውስጥ የሚያወጣው ነው። ቆይቶ ባለሙያ ያየውና ያርመዋል። በዩኤስጂኤስ ገጽ ላይ አንድ መዝገብ በኮምፒውተር ብቻ የወጣ ይሁን በሰው የታየ በግልጽ ተጽፎ ያገኙታል። በመጀመሪያው ሰዓት የ0.2 ወይም የ0.3 ልዩነት ቢኖር የተለመደ ነው። «ቁጥሩን ቀነሱት» የሚለው ክስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እርማት የሚመነጭ ነው።

ጥልቀቱም እንደዚሁ ነው። «10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት» የሚል ጽሑፍ በየመንቀጥቀጡ ላይ አይተው ይሆናል። ያ በአብዛኛው የተለካ ቁጥር አይደለም። ጣቢያዎቹ ሩቅ ሲሆኑና ጥልቀቱ በትክክል ካልታወቀ፣ ስሌቱ እንዲያልቅ የሚቀመጥ ግምት ነው። ቦታውም ቢሆን መጀመሪያ ላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል። ስለዚህ የትናንቱ ነጥብ ካርታ ላይ እዚህ፣ የዛሬው ትንሽ ወደ ምዕራብ ቢታይ፣ «ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህ ወሬ በዚያ ሰሞን ስንቱን ሰው መኪና ውስጥ አሳድሯል። አካባቢው ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በኃይል የተሰማው ፎቅ ስለሚወዛወዝ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስትበት ሌላ ቦታ ነው። ዓለም አቀፍ መዝገቦች የግሪኒች ሰዓት ይጠቀማሉ። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ከዚያ በላይ የሀገር ቤት አቆጣጠር አለን። ያ የታኅሣሥ 26 መንቀጥቀጥ በግሪኒች 00:52 ነበር። በጅዳ ስልክዎ ላይ 3:52 ይላል። እናትዎ ከሌሊቱ 9:52 ይሉታል። አንዱ መንቀጥቀጥ በሦስት ስክሪንሾት ሦስት ሆኖ ሲዞር ያገኙታል። መልእክት ሲደርስዎ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ አንድ ይመልሱት። ብዙው ወሬ እዚያው ላይ ያልቃል።

«ይደብቃሉ» ወደሚለው ልምጣ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። መሬት ያደረገችውን መደበቅ አይቻልም። የአምስት መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ሞገዱ ኬንያ ይደርሳል፣ ጀርመንም ይደርሳል። እዚህ አዲስ አበባ ጥግ ፉሪ ላይ ያለው ጣቢያ ራሱ የዓለም አቀፍ መረብ አካል ነው፣ መረጃውን ማንም ባለሙያ ከየትም ሆኖ ያየዋል። አንድ መንግሥት ቢፈልግም ሊሸፍነው አይችልም። እናትዎ የተሰማቸው ንዝረት ዩኤስጂኤስ ላይ ካልተገኘ ምክንያቱ ሌላ ነው። ያ መዝገብ በእኛ አካባቢ ከ4 በታች የሆኑትን አብዛኞቹን አያካትትም። ትንሽና ቅርብ የሆነ ንዝረት ደግሞ መተሃራ ላይ በደንብ ይሰማል። ትንንሾቹን የሚያዩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ናቸው፣ እነሱ በአገር ውስጥ ያሉትን ጣቢያዎች ይጠቀማሉ።

በሰው ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚታወቀው። የሚዘገየው በክፋት ብቻ አይደለም። መንገድ ስለተቆረጠ፣ ኔትወርክ ስለሌለ፣ የሚቆጥረው ሰው ራሱ ሐዘን ላይ ስለሆነም ይዘገያል።

የጎፋን ላንሣ። በሐምሌ 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ሊያወጣቸው በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣና ሊረዱ የመጡትንም ቀበራቸው። የመጀመሪያው ቀን ዜና 55 ሞተዋል አለ። በማግሥቱ 146፣ ከዚያ 157፣ በዚያው ቀን ማምሻውን 229 ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ኦቻ የሚባለው፣ 257 አለ፤ እስከ 500 ሊደርስ እንደሚችልም አስጠነቀቀ። ልብ ይበሉ። 500 ስጋት ነበር፣ ቆጠራ አልነበረም። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን «500 ሰው ሞተ» ተብሎ ተሰራጨ። በዚያው ሰዓት ሌላው የመጀመሪያውን ቀን 55 ይዞ «ያጋንናሉ» እያለ ይከራከር ነበር። ሁለቱም በእጃቸው የያዙት እውነተኛ ዜና ነው። የጎደለው ሰዓቱ ነው። የሟች ቁጥር ያለ ቀንና ሰዓት፣ ያለ ቆጣሪው ስም፣ መረጃ አይሆንም። ለሞቱት ክብር ሲባልም እንዲህ መጠንቀቅ አለብን። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ስሙን ጠርቶ የሚያለቅስለት ቤተሰብ አለ።

ከመሬቱ ሥር ምን ሆነ የሚለውን በአጭሩ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይደናገጥም። መንቀጥቀጡ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ ሳይሆን መስከረም 2017 ውስጥ ነው። መስከረም 26 ምሽት አዲስ አበባም ተሰምቷል። ከመሬቱ ሥር ቅልጥ አለት እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ብሎ ወደ ጎን እየተሰነጠቀ ገባ። አለቱ ቦታ ሲያገኝ ዙሪያው ይሰበራል፤ የተሰማው መንቀጥቀጥ ያ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንደገና በርትቶ መጣ፣ የካቲት 7 ደግሞ ወደ 6 የሚጠጋ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ይህ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በመስከረም 1998 በአፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከዚያም እስከ 2002 ድረስ 13 ጊዜ ቅልጥ አለት ተመላልሶ ገባ።

እናም እዚህ ላይ ባለሙያ ሊሰጥዎ የሚችለው መልስ ወሰን አለው። መሬቱ እየሰፋ መሆኑን፣ ቅልጥ አለቱ የት አካባቢ እንዳለ፣ ስጋቱ ከፍ ማለቱን መናገር ይቻላል። መቼ እንደሚያበቃ መናገር አይቻልም። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር 2017 ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ አካባቢዎች እንዲወጣ ሲደረግ ያ ትንበያ አልነበረም። «ነገ ይመታል» ተብሎ አይደለም የተደረገው። መሬቱ እየተሰነጠቀ፣ ቤቱ እየወደቀ ስለነበር የተወሰደ ጥንቃቄ ነው። የሚወጣ ትእዛዝ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ሲመጣ ይታዘዙ። ምንም ካልደረሰ «ዋሹን» አይበሉ።

የእሳተ ገሞራ ምስሎች ጉዳይ ለብቻው ቃል ይፈልጋል። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዶፈን አካባቢ መሬት ተከፍቶ እንፋሎት፣ ጋዝና አቧራ በኃይል ሲወጣ ታየ። አስፈሪ ነበር። ቅልጥ ላቫ ግን አልወጣም። ቀይ ላቫ የሚፈስበት ቪዲዮ «ዶፈን» ተብሎ ከደረሰዎ ቦታው ሌላ ነው። ከሳተላይት የተገኙ ቀስተ ደመና የሚመስሉ ቀለበቶችም ይዞሩ ነበር፣ «እሳቱ እዚህ ድረስ ደርሷል» ተብሎ። ቀለበቶቹ እሳት አይደሉም፣ ሙቀትም አይደሉም። መሬቱ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ የሚያሳዩ መስመሮች ናቸው። ሳተላይቱም በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው በቀናት ልዩነት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምስል ምንጊዜም ስላለፈው ነው የሚናገረው፤ ስለ ዛሬ ሌሊት አይናገርም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ ሕንድ ደረሰ፣ በረራዎች ተሰረዙ። «ከ12,000 ዓመት በኋላ ፈነዳ» የሚለው ዜና ደግሞ ዓለምን አዳረሰ። ትክክለኛው አባባል «ባለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ የተመዘገበ ፍንዳታ የለም» ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማንም ያልጻፈው ፍንዳታ አልነበረም ማለት አይደለም። አፋር ውስጥ ብዙ ያልተጠና ተራራ አለ። ስለ አመድ ለሚነሣ ጥያቄ ምንጩ የፈረንሳይ ቱሉዝ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ መከታተያ ማዕከል ነው፤ አየር መንገዶች የሚሰሙት እሱን ነው። አፍዴራ ላይ አመድ ስለሸፈነው ግጦሽ ግን ቱሉዝ አይነግርዎትም። እሱን የሚነግርዎ የአፍዴራ አርብቶ አደር ነው።

አንድ ምንጭ ሁሉንም አያውቅም። መሬት ተንቀጠቀጠ ወይ ለሚለው ኢኤምኤስሲ የሚባለው የአውሮፓና የሜዲትራኒያን ማዕከል ፈጣኑ ነው፤ ላስትክዌክ የተባለው የስልክ መተግበሪያው ንዝረት የተሰማቸውን ሰዎች መልስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰበስባል። ሰዎች «ተሰማኝ» ማለታቸው ግን እስኪረጋገጥ ድረስ ምልክት ብቻ ነው። ዩኤስጂኤስ ትንሽ ቆይቶ የተጣራውን ይሰጥዎታል። ምን ማለት ነው ለሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትን ይከተሉ። ባለሙያዎቻቸው በሬዲዮና በቴሌቪዥን በገዛ ድምፃቸው፣ በገዛ ስማቸው ይናገራሉ። ስም የሌለው የድምፅ መልእክት ከነሱ አይመጣም። ምን እናድርግ ለሚለው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና የወረዳው አስተዳደር ነው። ስንት ሰው ተፈናቀለ፣ የት ሰፈረ፣ ምን ጎደለው ለሚለው ደግሞ የኦቻን ሪፖርት ሪሊፍዌብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያገኙታል፤ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትም ተፈናቃዮችን ይቆጥራል። እነዚህ ሪፖርቶች በቀናት ይዘገያሉ። በመጀመሪያው ሌሊት አይጠቅሙዎትም፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከነሱ የተሻለ የለም።

የከሰም ግድብን ወሬ በካርታ እናጣራው። ግድቡ መንቀጥቀጡ ካለበት አካባቢ አቅራቢያ ስለሆነ መከታተሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የከሰም ወንዝ አዋሽን የሚቀላቀለው ከመተሃራ በታች፣ ወደ አሚባራ ሲወርድ ነው። መተሃራ ከመገናኛው በላይ ነው ያለው። ክፉ ቀን ቢመጣና ግድቡ ቢጎዳ እንኳ ውኃው የሚሄደው ወደ ታች፣ ወደ አፋር ሜዳ ነው፤ እናትዎ ቤት አይደርስም። ያ ወሬ ለእናትዎ ቤት የተጻፈ አልነበረም። ከግድቡ በታች ዘመድ ያለው ሰው ግን ወሬውን ሳይሆን የወረዳውን ማስታወቂያ ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቅ። እግረ መንገዴን፣ በውኃ የተዋጠ መንገድ ፎቶ «መተሃራ ሰመጠች» ተብሎ ከመጣልዎ የበሰቃ ሐይቅ መሆኑን ያጣሩ። በሰቃ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ የመጣ ሐይቅ ነው። ይህንን ወንድሞችዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ፎቶና ቪዲዮ ሲመጣ ጎግል ሌንስ ላይ ያስገቡት፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወጥቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያሳይዎታል። ካላሳየዎት የሱቅ ታፔላውን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሰዉን አነጋገር ይመልከቱ። የአካባቢው ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። አሁን ድምፅንም በኮምፒውተር መሥራት ስለተቻለ «የባለሙያው ድምፅ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም።

ስለ እርዳታው እቅጩን ልናገር። በሐዘን ሙዚቃ የታጀበ ቪዲዮና በግለሰብ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አብረው ከመጡ አይላኩ። ግለሰቡ ቅን ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ጅዳ ሆነው ማረጋገጥ አይችሉም። ወይ በቀጥታ ለሚያውቁት ቤተሰብ ይላኩ፣ ወይ እንደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ላለ ተቋም በራሱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይላኩ። የሒሳብ ቁጥሩንም ከተዘዋወረ ምስል አይውሰዱ፤ ከተቋሙ ራሱ ያግኙት።

ሌሊት እናትዎን ማስወጣትዎን ደግሞ መተው አለብዎት። ይህን የምለው ፍቅርዎን አቅልዬ አይደለም። አንዲት አሮጊት በጨለማ ተደናግጠው ሲወጡ ይወድቃሉ። ብርድ ይመታቸዋል። ሁለቴ በከንቱ ወጥተው ደግሞ በሦስተኛው፣ በእውነተኛው ቀን፣ «ልጄ አሁንም ወሬ ሰምታ ነው» ብለው ይተኛሉ። ከዚህ ይልቅ ወንድሞችዎ አንድ ቅዳሜ ይመድቡ። ከአልጋቸው በላይ የተሰቀለ ከባድ ዕቃ ካለ ያውርዱ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አስረው ያጥብቁት። የተሰነጠቀ ግድግዳ ካለ እናትዎ ከሥሩ እንዳይተኙ ያድርጉ። በሩ ሌሊት በቀላሉ የሚከፈት ይሁን፤ ባትሪና ጫማ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ። ይህ ለእናትዎ ከመቶ የቴሌግራም ግሩፕ በላይ ይጠቅማል።

ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ አይገባም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሁሉም ዘመድ ለእናትዎ በአንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩን ራሳችን እንዘጋዋለን። ስለዚህ ከአካባቢው ውጭ፣ ለምሳሌ አዳማ ወይም ድሬዳዋ፣ አንድ ዘመድ ይምረጡ። ወንድሞችዎ ለሱ ብቻ «ደህና ነን፣ እዚህ ነን» ብለው ይጻፉ። እርስዎና ሌላው ቤተሰብ ከሱ ትሰማላችሁ። ሰው ጠፍቶ ቀናት ካለፉ ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው፤ ስም፣ ዕድሜና መጨረሻ የታየበትን ቦታ ይዘው ይጠይቁ።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። ከነዚያ ግሩፖች ዛሬውኑ ይውጡ፤ ድምፁን ማጥፋት አይበቃም። ስልክዎ ላይ ላስትክዌክን ብቻ ያስቀሩ፣ ማሳወቂያውንም ከ5 በላይ ለሆኑት ብቻ ያድርጉት። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጊዜ የኢንስቲትዩቱንና የኮሚሽኑን መግለጫ ይዩ። ከዚያ ውጭ አይክፈቱ። ሰዓት፣ ቦታና የተናጋሪው ስም የሌለውን መልእክት ለማንም አያስተላልፉ፣ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ለመጠየቅም ቢሆን። ጥያቄዎ ራሱ በሌላው ስልክ ላይ ዜና ሆኖ ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ደግሞ ለታላቅ ወንድምዎ ይደውሉና ሦስት ነገር ይጠይቁት። ከቤቱ የትኛው ግድግዳ ነው የተሰነጠቀው? ውጡ ከተባለ ከቀበሌው ማነው የሚነግራችሁ፣ ስልኩስ ስንት ነው? እናታችን በየትኛው በር ነው የምትወጣው? መልሱን በወረቀት ይጻፉና ስልክ ቁጥሩን ለአዳማው ወይም ለድሬዳዋው ዘመድም ይስጡት።